ድምፁ ለምን ይደፈናል? የኢኳላይዘር አጠቃቀም ደረጃ በደረጃ

ሙዚቃ ቀድተው የሚልኩልኝም ሆኑ በስልካቸው ብቻ የሚያዳምጡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱልኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ድምፁ ድፍን ይላል፤ ትሬብሉን ስጨምር ጆሮ ይወጋል፣ ባሱን ስጨምር ደግሞ ይብስበታል፤ ታዲያ የቱን ልጨምር?» የሚል ነው። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ ሁሉንም በአንድ ቦታ ማስፈር ስለሚሻል ይህን መመሪያ አዘጋጅቻለሁ። ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈታው የጎደለ የመሰለውን በመጨመር ሳይሆን እሱን የሸፈነውን በመቀነስ ነው፤ የእርምጃዎቹ ቅደም ተከተልም ይህንኑ የተከተለ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኢኳላይዘር፣ ማለትም የድምፁን ወፍራም፣ መካከለኛና ቀጭን ክፍል ለየብቻ ለመጨመርና ለመቀነስ የሚያስችል መሣሪያ ወይም ፕሮግራም። ድግግሞሹን፣ መጠኑንና ስፋቱን እንደፈለጉ የሚመርጡበት ፓራሜትሪክ ቢሆን ይመረጣል። ባለ 10 ወይም ባለ 31 ባንድ (ድግግሞሹ አስቀድሞ የተወሰነ መንሸራተቻ) ግራፊክ ኢኳላይዘር ካለዎት የሚቀርበውን ባንድ ይጠቀሙ። ስልክ ላይ ብቻ ለሚሠሩ ከታች የተለየ ክፍል አለ።
- አንድ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ እና አንድ ስፒከር። ሁለቱም የሚያስፈልጉት አንዱ የሚደብቀውን ሌላው ስለሚያጋልጥ ነው።
- በደንብ የሚያውቋቸውና ድምፃቸው የጠራ ሁለት ወይም ሦስት ዘፈኖች፣ ለማነጻጸሪያ።
- የሚስተካከለው ቅጂ፣ የሚቻል ከሆነ እያንዳንዱ መሣሪያ በየራሱ ትራክ የተቀዳበት።
- ወረቀትና እስክሪብቶ። ይህን የሚንቁ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ጥቅሙ በሦስተኛው እርምጃ ላይ ይታያል።

ከመጀመርዎ በፊት

ድምፅ የአየር መርገብገብ ነው። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ የሚነግረን ቁጥር ድግግሞሽ ወይም በተለምዶ አጠራሩ ፍሪኩዌንሲ ይባላል፤ መለኪያውም ኸርዝ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል፣ ሲበዛ ይቀጥናል። ጤናማ የወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ይሰማል፤ ዕድሜ ሲገፋ የላይኛው ጫፍ እየተሸረፈ ይሄዳል። ድግግሞሹ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ አንድ ኦክታቭ ከፍ ስለሚል፣ ለጆሮ ከ50 እስከ 100 ኸርዝ ያለው ርቀት ከ5,000 እስከ 10,000 ካለው ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ታች ላይ 50 ኸርዝ መንቀሳቀስ ትልቅ ለውጥ ሲያመጣ፣ ላይኛው ክልል ውስጥ ግን ያው 50 ኸርዝ ከነጭራሹ አይሰማም።

የመጠኑ መለኪያ ዴሲቤል ነው። በአንድ ክልል ላይ 3 ዴሲቤል ሲጨምሩ ከአምፕሊፋየሩ በዚያ ክልል የሚጠየቀው ኃይል እጥፍ ይሆናል፣ 6 ሲጨምሩ ደግሞ አራት እጥፍ። «ትንሽ ባስ ልጨምር» ብለው መንሸራተቻውን እስከ ላይ የሚገፉ ሰዎች ስፒከራቸው ለምን እንደሚንቀጠቀጥ የሚገባቸው ይህን ሲያውቁ ነው። ሦስተኛው ማዞሪያ ስፋት ወይም ኪው የሚባለው ሲሆን፣ አሠራሩ ተቃራኒ በመሆኑ ጀማሪዎችን ያሳስታል፤ የኪው ቁጥር ሲጨምር የሚነካው ክልል ይጠባል። ኪው 1.4 አንድ ኦክታቭ ያህል ሲነካ፣ ከ4 ትንሽ በላይ ሲሆን የአንድ ኦክታቭ ሲሶ ያህል ብቻ ይነካል።

የትኛው ክልል ምን ያደርጋል?

ከ20 እስከ 60 ኸርዝ ያለው ከጆሮ ይልቅ በደረት የሚሰማ ድምፅ ነው። የባስ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ አካባቢ ላይ ይገኛል። ትንንሽ ስፒከሮች ይህን ክልል ማውጣት አይችሉም፤ ሆኖም ጆሯችን ከላይ ያሉትን ተከታይ ድምፆች (የመሠረቱን ድግግሞሽ እጥፎች) ሰምቶ የጎደለውን መሠረት ራሱ ስለሚሞላ፣ የባሱን ዜማ በስልክ ስፒከርም ቢሆን መከተል እንችላለን። ከ60 እስከ 200 ኸርዝ የሙዚቃው ክብደት የሚቀመጥበት ነው። የከበሮው ምት እና አብዛኛው የባስ ኃይል እዚህ አለ፤ የወንድ ንግግር መሠረታዊ ድግግሞሽም ከ85 እስከ 180 ገደማ፣ የሴት ደግሞ ከ165 እስከ 255 ገደማ ይደርሳል። ይህ ክልል ሲያንስ ሙዚቃው ይሳሳል፣ ሲበዛ ይጎተታል።

ከ200 እስከ 500 ኸርዝ ያለው ግን ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ክልል ነው፤ «ድፍን ይላል» ከሚሉኝ ሰዎች ውስጥ የአብዛኞቹ ችግር የሚገኘው እዚህ ነውና። ምክንያቱ ይህ ክልል በአንድ መሣሪያ ስለማይሞላ ነው። የባሱ ተከታይ ድምፆች፣ የኪቦርዱ ግራ እጅ፣ የጊታሩ ሣጥን፣ የድምፃዊው ደረት፣ በዚያ ላይ ደግሞ ቅጂው የተሠራበት ጠባብ ክፍል የሚመልሰው ገደል ማሚቶ ሁሉም እዚህ ይደራረባሉ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲሰማ ሞቅ ያለና ደስ የሚል ነው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ሙዚቃው ብርድ ልብስ የተከናነበ ይመስላል። ከልክ በላይ ከቀነሱት ደግሞ ሙቀቱ ጠፍቶ ድምፁ ባዶ ቆርቆሮ ይሆናል። ስለዚህ ከዚህ ክልል የሚቀነሰው በጥቂቱና ከተለያዩ ትራኮች ላይ ተከፋፍሎ ነው።

ከ500 እስከ 2,000 ኸርዝ የመሣሪያዎቹ ማንነት የሚለይበት ነው። ወደ 1,000 ኸርዝ አካባቢ ሲበዛ ድምፁ በአፍንጫ የሚወጣ ይመስላል። የመደበኛ ስልክ መስመር የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ብቻ ሆኖ ሳለ ንግግሩ ሙሉ በሙሉ መሰማቱ፣ የቃላት ትርጉም ያለው በዚህ መካከለኛ ክልል ውስጥ መሆኑን ያሳያል። ከ2,000 እስከ 5,000 ያለው ለጆሮ ከሁሉም ይበልጥ ይጎላል፤ የጆሯችን ቦይ ራሱ 3,000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ያጎላዋልና። እዚህ ላይ 2 ዴሲቤል መጨመር ድምፃዊውን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ያመጣዋል፣ 5 መጨመር ግን አድማጩን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያደክመዋል።

ከ5,000 እስከ 9,000 ኸርዝ የ«ሰ» እና የ«ጸ» ፉጨት ይገኛል፤ «ሸ» ከእነዚህ ዝቅ ብሎ ከ2,500 ጀምሮ ይሰማል። ከ10,000 በላይ ያለው የጸናጽሉ ብልጭታና የትንፋሹ አየር ነው። በ128 ኪሎቢት በተጨመቁ የኤምፒ3 ፋይሎች ላይ ግን ከ16,000 ኸርዝ በላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ተቆርጦ የወጣ ስለሆነ፣ እዚያ ላይ ቢጨምሩ የሚመጣ ነገር የለም።

አሠራሩ

1. ኢኳላይዘሩን ሙሉ በሙሉ ወደ ዜሮ ይመልሱ። በስልኩ፣ በኮምፒውተሩ ወይም በስፒከሩ ላይ ያሉ «ባስ ቡስት» እና የመሳሰሉ ማሳመሪያዎችንም ያጥፉ። ይህ ካልሆነ አንዱ ኢኳላይዘር የጨመረውን በሌላው ሲቀንሱ ይውላሉ።

2. ድምፁን በመጠኑ፣ ከጎንዎ ካለ ሰው ጋር ሳይጮኹ መነጋገር በሚያስችልዎት ልክ ያድርጉና እስከ መጨረሻው አይንኩት። ጆሮ በዝቅተኛ ድምፅ ሲያዳምጥ ባሱን አሳንሶ ስለሚሰማ፣ ድምፁን ከፍና ዝቅ እያደረጉ የሚወስኑት ውሳኔ ሁሉ እርስ በርሱ ይጋጫል።

3. የማነጻጸሪያውን ዘፈን አንድ ሁለት ደቂቃ ያዳምጡ፣ ወዲያው የራስዎን ቅጂ ያስከትሉ፤ ከዚያም የሰሙትን ልዩነት አንድም ማዞሪያ ሳይነኩ በወረቀት ላይ በቃላት ይጻፉ። «ባሱ ይጎተታል»፣ «ድምፃዊው ሩቅ ነው»፣ «ጸናጽሉ ይወጋል» የሚል አጭር ማስታወሻ ይበቃል። ጆሮ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ማንኛውንም ጉድለት ስለሚለምድ፣ የመጀመሪያው ስሜትዎ ካልተጻፈ በኋላ መልሰው አያገኙትም።

4. ችግሩ ከምንጩ ሊስተካከል ይችል እንደሆነ ይመርምሩ። ከአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚቀበል ማይክ ወደ አፍ በጣም ሲጠጋ ወፍራሙን ድምፅ ያጋንናል፤ ከ5 ሴንቲ ሜትር ወደ 20 ማራቅ ብቻውን ብዙ የኢኳላይዘር ሥራ ያስቀራል። ስፒከር ማዕዘን ላይ ከተቀመጠም ባሱ ያብጣል፣ ስለዚህ ከግድግዳው ፈቀቅ ያድርጉት።

5. የማያስፈልገውን የታችኛውን ክልል ይቁረጡ። ሎው ከት የሚባለውን ማጣሪያ በድምፃዊው ትራክ ላይ 80 ኸርዝ ላይ ይክፈቱ፣ በአንድ ኦክታቭ 12 ዴሲቤል እንዲቀንስ ያድርጉ፤ ከዚያ የድምፃዊው ድምፅ መሳሳት እስኪጀምር ቀስ እያሉ ወደ ላይ ያውጡትና ትንሽ ይመልሱት። በዚህ የሚወገደው የማይኩ መቆሚያ ንቅናቄ፣ «ፐ» እና «ጰ» ሲባል የሚፈነዳው አየር፣ እንዲሁም 50 ወይም 60 ኸርዝ ላይ የሚገኘው የኤሌክትሪክ ጉምጉምታ ነው። ጉምጉምታው እጥፎች ስላሉት በ100 ወይም በ120 የቀረውን በጠባብ ቅነሳ ያስወግዱ። ባሱንና ዋናውን ከበሮ በዚህ መንገድ አይንኩ፤ ዘፈኑ የሚቆመው በእነሱ ላይ ነው።

6. ድፍንነቱን ፈልገው ያግኙ። በመጀመሪያ ድምፁን ይቀንሱ፤ ከመጨረሻው ፍተሻ በፊት ድምፁን መንካት የሚፈቀድበት ብቸኛ ቦታ ይህ ነው፣ ሲጨርሱም ወደ ነበረበት ይመልሱት። ከዚያ ኪውን 3 ገደማ አድርገው በአንድ ባንድ ላይ 6 ዴሲቤል ይጨምሩና ከ150 እስከ 600 ኸርዝ ድረስ በዝግታ ይጓዙ። አንድ ቦታ ሲደርሱ ድምፁ ከበርሜል ውስጥ እንደሚወጣ ሆኖ ይጮሃል፤ እዚያ ይቁሙ፣ የጨመሩትን ወደ 3 ዴሲቤል ቅናሽ ይገልብጡት፣ ኪውንም ወደ 1.5 ያስፉት። 6 ዴሲቤል የተጨመረበት ማንኛውም ክልል መጥፎ እንደሚሰማ ግን አይርሱ፤ የሚፈልጉት ከጎረቤቶቹ ይልቅ ጎልቶ የሚያስቀይመውን ነው።

   ፍለጋው በአንድ ትራክ ብቻ እንዳይወሰን እመክራለሁ። አንድ ጊዜ ድምፃዊው የደፈነ መስሎኝ በእሱ ትራክ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ደከምኩ፤ በ300 ቀነስኩ፣ በ3,000 ጨመርኩ፣ ለውጥ ግን የለም። በአጋጣሚ የኪቦርዱን ትራክ ሳጠፋው ድምፃዊው በቅጽበት ጠራ። ለካ የኪቦርዱ ግራ እጅ ከመካከለኛው ዶ በታች ሙሉ ኮርድ እየያዘ ኖሯል። ኪቦርዱ ላይ 260 ኸርዝ አካባቢ 4 ዴሲቤል ቀነስኩ፣ በድምፃዊው ላይ የደረደርኩትን ሁሉ አነሳሁ፣ ሥራውም አለቀ። ከዚያ ወዲህ አንድ ድምፅ ሲደፈንብኝ መጀመሪያ የማደርገው ሌሎቹን ትራኮች ተራ በተራ ማጥፋት ነው።

7. ለባሱና ለከበሮው ቦታ ያካፍሉ። ሁለቱም በአንድ ድግግሞሽ ላይ ከገፉ የትኛውም ጥርት ብሎ አይሰማም። ለምሳሌ ከበሮው 60 ኸርዝ ላይ ጠንካራ ከሆነ ባሱን እዚያው ላይ 2 ዴሲቤል ይቀንሱ፤ ባሱ 100 ኸርዝ ላይ የሚያምር ከሆነ ደግሞ ከበሮውን እዚያ ይቀንሱ።

8. አሁን ብቻ ወደ መጨመር ይለፉ። ድምፃዊው አሁንም ወደ ኋላ ከቀረ በ3,000 ኸርዝ አካባቢ ሰፋ ባለ ኪው 1 ወይም 2 ዴሲቤል ይስጡት። ቅነሳ ጠበብ፣ ጭማሪ ሰፋ ቢል ለጆሮ ይስማማል፤ ጠባብ ጭማሪ ራሱን እንደቻለ ፉጨት ስለሚሰማ ሰው ሠራሽነቱ ይጋለጣል።

9. ፉጨቱን ይግቱ። ብዙ «ሰ» እና «ጸ» ያለበትን ስንኝ ደጋግመው እያጫወቱ ከ5,000 እስከ 9,000 ባለው ውስጥ የሚወጋውን ቦታ ፈልገው 2 ወይም 3 ዴሲቤል ይቀንሱ። ፉጨቱ የሚመጣው አልፎ አልፎ ብቻ ከሆነ ፊደሉ ሲመጣ ብቻ የሚሠራው ዲኤሰር ይሻላል፤ ቋሚ ቅነሳ ድምፃዊውን ኮልታፋ ሊያስመስለው ይችላል።

10. አየር ካስፈለገ ከ10,000 ኸርዝ በላይ ያለውን በሙሉ በሼልፍ ማጣሪያ 1 ወይም 2 ዴሲቤል ያንሱ። የጀርባ ሽሽታም አብሮ እንደሚነሳ ልብ ይበሉ።

11. ከኢኳላይዘሩ በፊትና በኋላ ያለውን የድምፅ ልክ እኩል ካደረጉ በኋላ ባይፓስ እያሉ (ኢኳላይዘሩን እያጠፉና እያበሩ) ያነጻጽሩ። ይህን እርምጃ የዘለለ ሰው ከላይ ያሉትን አሥሩን ባይሠራቸው ይሻለው ነበር እስከ ማለት እደፍራለሁ። ከሁለት አንድ ዓይነት ድምፆች በጥቂቱ ጮኽ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ መስሎ ይሰማል፤ ኢኳላይዘር ላይ ሲጨምሩ አጠቃላዩ ድምፅም ስለሚጨምር፣ ያሻሻሉ መስሎዎት ያስጮኹት ብቻ ሊሆን ይችላል። በጭማሪው ምክንያት 2 ዴሲቤል ከፍ ካለ መውጫውን 2 ዴሲቤል ዝቅ ያድርጉ፣ ዓይንዎን ጨፍነው ያብሩ ያጥፉ፣ የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ የሚሻለውን ይምረጡ። ልዩነቱን መናገር ካልቻሉ ያ ለውጥ አያስፈልግም፤ ያንሱት።

12. ሩብ ሰዓት ያህል ጆሮዎን ያሳርፉ፣ ከዚያ በጆሮ ማዳመጫ፣ በስፒከርና በስልክ ያዳምጡ፤ በመጨረሻም ድምፁን በጣም ዝቅ አድርገው ይሞክሩት። ድምፃዊው በዚያ ልክ እንኳ ቃሉ ከተሰማ መካከለኛው ክልል ተስተካክሏል።

በስልክ ብቻ ለሚያዳምጡ

በብዙ ስልኮች ላይ ያሉት አምስቱ ባንዶች 60፣ 230፣ 910፣ 3,600 እና 14,000 ኸርዝ ናቸው። ሙዚቃው ከደፈነብዎ 230ውን 2 ወይም 3 ዴሲቤል ይቀንሱ፣ ሌላውን እንዳለ ይተዉ፣ አንድ ዘፈን ሙሉውን ያዳምጡ። ካልበቃ 3,600ን 1 ዴሲቤል ይጨምሩ። ጆሮ የሚወጋ ከሆነ ደግሞ 14,000ን ሳይሆን 3,600ን ይቀንሱ፤ የሚወጋው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነውና። ስልኩ የሚያቀርባቸውን «ሮክ»፣ «ፖፕ» የሚሉ ዝግጁ ምርጫዎች እኔ አልጠቀምባቸውም፤ ያዘጋጃቸው ሰው የእርስዎን ማዳመጫ አልሰማውምና።

ጥንቃቄ

- በዲጂታል መለኪያ 0 ዴሲቤል ማለት የመጨረሻው ጣሪያ ነው፤ ዲጂታል ድምፅ ከዚያ በላይ ቦታ የለውም። ሞልቶ የተቀዳ ዘፈን ላይ 5 ዴሲቤል ቢጨምሩ ጫፉ ተቆርጦ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ፕሪአምፑን (ወደ ኢኳላይዘሩ የሚገባውን አጠቃላይ ድምፅ የሚቆጣጠረውን ማዞሪያ) ቢያንስ በትልቁ ጭማሪዎ ልክ አስቀድመው ይቀንሱ።
- ትንሽ ስፒከርን በ40 ኸርዝ ላይ አያስገድዱት። ድምፅ ሳያወጣ ወረቀቱ ብቻ ወዲያ ወዲህ እየተወዛወዘ ሊበጠስ ወይም ሽቦው ሊቃጠል ይችላል።
- በስድስተኛው እርምጃ ያለውን እየጨመሩ የመፈለግ ዘዴ ሕዝብ ፊት፣ ማይክ ተከፍቶ ባለበት መድረክ ላይ ፈጽሞ አይሞክሩት። ማይኩ ከስፒከሩ የወጣውን ድምፅ መልሶ እየተቀበለ ወዲያው በፊድባክ ይጮሃል፤ የሰውም ጆሮ የስፒከርም ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል) ይጎዳል። በመድረክ ላይ የሚጮኸው ድግግሞሽ በጠባቡ ይቀነሳል እንጂ አይጨመርም።
- ጆሮዎን ይጠብቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው ወሰን 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ያጥራል። ከሥራ በኋላ ጆሮዎ ጭው ካለ ልኩን አልፈዋል ማለት ነው።

የተለመዱ ስሕተቶች

በጣም የሚዘወተረው የግራፊክ ኢኳላይዘሩን ሁለት ጫፎች አንስቶ መሐሉን ማጎድጎድ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ያስደንቃል፤ ነገር ግን ድምፃዊውና ዜማው የሚኖሩት በመሐሉ ስለሆነ፣ ሰው እያወራ ባለበት ክፍል ውስጥ ሲከፈት የሚተርፈው ዱብ ዱብታና ሽሽታ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ትራኩን ለብቻው እያዳመጡ ማሳመር ነው። ለብቻው ሲሰማ የሚያምር ጊታር ከሌሎቹ ጋር ሲገባ ቦታ ያጣብባል፤ ለብቻው ሲሰማ የሳሳ የመሰለው ደግሞ በሙሉው ሙዚቃ ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል። ችግሩን ለማግኘት ለብቻው ያዳምጡ፣ ለመወሰን ግን ሁሉም ይጫወቱ።

የሌላ ሰው ቁጥር መገልበጥም እንዲሁ ነው። እዚህ የሰጠኋቸው ቁጥሮች ፍለጋ የሚጀመርባቸው ቦታዎች ናቸው፤ የእርስዎ ኪቦርድ የሚደፍነው በ260 ሳይሆን በ340 ሊሆን ይችላል። በስክሪኑ ላይ የሚታየውን የድግግሞሽ ሥዕል ቀጥ ያለ መስመር ለማድረግ መድከምም ከዚሁ አይለይም፤ ጥሩ ድምፅ ያለው ሙዚቃ በዚያ ሥዕል ላይ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀኝ እያዘቀዘቀ የሚሄድ ነው።

የመጨረሻው ክፍሉ የዋጠውን ባስ በኢኳላይዘር ለመመለስ መሞከር ነው። በሁለት ግድግዳዎች መካከል ያለው ርቀት 4 ሜትር ከሆነ 43 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ በግድግዳዎቹ አጠገብ ሲያብጥ፣ በክፍሉ መሐል ላይ ግን ሞገዱ ከራሱ ነጸብራቅ ጋር ተጋጭቶ ይጠፋል። እዚያ ተቀምጠው 10 ዴሲቤል ቢጨምሩ ነጸብራቁም በዚያው ልክ ስለሚጨምር የሚሰሙት ባስ አይሻሻልም፤ አምፕሊፋየሩ ብቻ ይደክማል። ወንበርዎን ከመሐል ግማሽ ሜትር ወደ አንዱ ግድግዳ ይሳቡና እንደገና ያዳምጡ።